የማኅበሩ መዝገብ፤ የዒላማ ተኩስ ልማድና የመሣሪያ ሕግ በስዊስና በእንግሊዝ አገር

በስዊስ አገር በግንቦት ወር መጨረሻ ገደማ ባሉት የዕረፍት ቀኖች፥ በየመንደሩ ዳር ከጧት እስከ ማታ የጠመንጃ ድምፅ ይሰማል። ይህን ሰምቶ የሚደነግጥ የአገሩ ሰው የለም። ወተት አላቢው፥ አናጢው፥ የባንክ ጸሐፊው፥ አስተማሪው፥ ሴቶችም ጭምር ጠመንጃቸውን በትከሻቸው አንግተው በእግር፥ በብስክሌት ወይም በባቡር ወደ ተኩሱ ሜዳ ይሄዳሉ። እያንዳንዱም በ300 ሜትር ርቀት ላይ በቆመው ዒላማ 18 ጥይት ይተኩሳል፤ ሁሉም መካከሉን ቢመታለት 72 ነጥብ ያገኛል። ለመግባት ገንዘብ አይከፈልም። ተኩሱ ሲያበቃ ይበላል፥ ይጠጣል፥ የእያንዳንዱም ነጥብ ይነገራል። «የሜዳ ተኩስ» የሚባለው ይህ በዓል ብዙውን ጊዜ ከ100,000 የሚበልጥ ሰው ስለሚሳተፍበት፥ በዓለም ካሉት የዒላማ ተኩስ ስብሰባዎች ሁሉ የሚበልጥ እንደ ሆነ ይነገርለታል።

የእንግሊዝ ሕዝብም ለዒላማ ተኩስ የነበረው ፍቅር ከዚህ እጅግ ያነሰ አልነበረም። ይሁን እንጂ ዛሬ በእንግሊዝ አገር አንድ ሰው እንደ ሌላው አገር ስፖርተኛ ተራ ሽጉጥ ገዝቶ ዒላማ ሊመታበት አይችልም። ሁለቱም ሕዝቦች ሕግ አክባሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም በእብድ ሰው ተኩስ ንጹሓን ወገኖቻቸውን ቀብረዋል። እንግዲህ ሕጋቸው ይህን ያህል የተራራቀበት ምክንያት ከሕጉ ጽሑፍ ይልቅ በተኳሾቹ ማኅበራት ታሪክ ውስጥ መፈለግ አለበት።

የስዊስ ሰው ስለ ተኩስ ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚያነሣው፥ በልጁ ራስ ላይ የተቀመጠውን ፖም በቀስት መታ የሚባለውን ቪልሄልም ቴልን ነው። ነገሩ በ1307 (ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) እንደ ሆነ ይተረካል፤ ነገር ግን ሰውዬው መኖሩን የሚያስረዳ የዚያው ዘመን ጽሑፍ አልተገኘም። ከአፈ ታሪኩ ይልቅ የሚታመነው የከተሞቹ ታሪክ ነው። በ15ኛውና በ16ኛው ምዕት ዓመት የየከተማው ተኳሾች በማኅበር ተደራጅተው፥ አንዱ ከተማ ሌላውን ለተኩስ ግብዣ ይጠራ ነበር። ግብዣው ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ የወዳጅነትና የቃል ኪዳን ማደሻም ነበር እንጂ።

ለዚህ የ1576ቱ ምሳሌ ይበቃል። በዚያ ዓመት በሰኔ ወር የስትራስቡርግ ከተማ የተኩስ ግብዣ አደረገች። የዙሪክ ሰዎችም ከማለዳ በፊት አንድ ትልቅ ድስት ሙሉ የማሽላ ዓይነት ገንፎ አፍልተው በጀልባ ጫኑና በሊማት፥ በአር፥ በራይን ወንዞች ቁልቁል እየቀዘፉ በዚያው ቀን ማታ ስትራስቡርግ ገቡ። ገንፎው ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም ነበር። ትርጓሜውም ግልጥ ነው፤ ጠላት ቢመጣባችሁ ገንፎ እስኪቀዘቅዝ በማይሞላ ጊዜ ደርሰን እንረዳችኋለን ማለታቸው ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ፥ በ1588፥ ሁለቱ ከተሞች ቃል ኪዳን ተጋቡ። ድስቱ እስከ ዛሬ በስትራስቡርግ ቤተ መዘክር ተቀምጦ ይታያል።

የመላው አገር የተኳሾች ማኅበር የተመሠረተው በ1824 በአራው ከተማ ነው፤ የመጀመሪያው ታላቅ የተኩስ በዓልም በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ ተደረገ። በዚያን ጊዜ ስዊስ አንድ መንግሥት አልነበረችም። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕግ ያላቸው፥ በቋንቋና በሃይማኖት የተለያዩ 22 ካንቶኖች በቃል ኪዳን ብቻ ተሳስረው ይኖሩ ነበር። ከዙሪክ የመጣው ፕሮቴስታንትና ከተራራው የመጣው ካቶሊክ በአንድ ድንኳን ተቀምጠው ስለ አገራቸው የሚነጋገሩበት ስፍራ እምብዛም ስላልነበረ፥ የተኩሱ በዓል እንደ ምክር ቤት ሆኖ አገለገለ። በ1847 ካንቶኖቹ እርስ በርሳቸው ተዋጉ፤ ጦርነቱ ግን አንድ ወር እንኳ አልሞላም። በ1848 ሕገ መንግሥቱ ወጣና አንድ የተባበረ መንግሥት ቆመ። በማግሥቱ ዓመት በአራው የተደረገውን በዓል ደራሲው ጎትፍሪድ ኬለር በ1860 ባሳተመው ታሪክ ውስጥ አግብቶታል፤ ሰባት ሽማግሌዎች ሰንደቃቸውን ይዘው ወደ በዓሉ ሲሄዱ በአደባባይ የሚናገርላቸው አጥተው ሲጨነቁ፥ አንድ ወጣት እንደ ተናገረላቸው ይተርካል። እንግዲህ በስዊስ አገር የተኳሾች ማኅበር ከመንግሥቱ በ24 ዓመት ይቀድማል። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ከዚያ በኋላ የሆነውን ክርክር ሁሉ ሊረዳው አይችልም።

በ1874 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፥ ወታደሩ የተሰጠውን መሣሪያ ሕግ በወሰነው መሠረት በእጁ እንዲያኖር አዘዘ። የስዊስ ጦር በአብዛኛው ከየሥራው የሚጠራ የባላገር ጦር ነውና፥ ሰውዬው ልምምዱን ጨርሶ ሲመለስ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። የዚያን ዘመን ጠመንጃ በራይን ፏፏቴ አጠገብ በኖይሃውዘን ይሠራ የነበረው ፍሪድሪክ ቬተርሊ ያወጣው ነበር። ይህ መሣሪያ ለኢትዮጵያ ታሪክም እንግዳ አይደለም። ኢጣሊያ የቬተርሊን አሠራር በ1870 ለራስዋ ጦር ስለ ወሰደችው፥ በዓድዋ፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፥ የኢጣሊያ ወታደሮች የተሰለፉት በዚሁ ጠመንጃ ነው፤ ከምርኮው ጋርም ወደ ኢትዮጵያውያን እጅ ገብቷል።

በኢትዮጵያ ባላገር ዘንድ ጠመንጃ የወንድነትና የማዕርግ ምልክት ሆኖ በቤት ውስጥ በክብር እንደ ተሰቀለ ሁሉ፥ በስዊስ ገበሬ ቤትም የክብር ስፍራ ነበረው። ነገር ግን ትልቅ ልዩነት አለ። የኢትዮጵያው ባላገር ጠመንጃውን የራሴ ገንዘብ ነው ይላል፤ ወይም ገዝቶታል፥ ወይም ወርሶታል፥ ወይም ማርኮታል፥ ወይም ከጌታው ተሸልሞታል። የስዊሱ ወታደር ጠመንጃ ግን አገልግሎቱ እስኪፈጸም ድረስ የመንግሥት ንብረት ሆኖ በቤቱ የሚቀመጥ አደራ ነው።

አደራውም ሒሳብ ይጠየቅበታል። ጠመንጃ የያዘ ወታደር ከሠራዊቱ ልምምድ ውጭ በየዓመቱ ዒላማ መምታት ግዴታው ነው፤ ይህን ግዴታ የሚያስፈጽመው ደግሞ መኮንን ሳይሆን የመንደሩ የተኳሾች ማኅበር ነው። በግዴታው ተኩስ 20 ጥይት ይተኮሳል፤ ከ85ቱ ነጥብ ቢያንስ 42 ማግኘት ያስፈልጋል። የማኅበሩ ጸሐፊ ነጥቡን ይመዘግባል፥ ማስረጃውንም ፈርሞ ይሰጣል። ዛሬ ምቱን በኤሌክትሪክ የሚያሳይ ዒላማ በብዙ ስፍራ ስላለ ጕድጓዱ ባዶ ቀርቷል እንጂ፥ ቀድሞ ከዒላማው ሥር በተቈፈረ ጕድጓድ ውስጥ ሰዎች ተቀምጠው፥ ጥይቱ የመታበትን ቦታ በረጅም እንጨት ላይ በተሰካ ክብ ሰሌዳ ያመለክቱ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የማኅበሩ አባሎች ተሰብስበው ሽልማት ይከፋፈላሉ። ሽልማቱ ብዙ ዋጋ የለውም፤ ያም ሆኖ በመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተደረደረው የአባትና የአያት ምልክት የመንደሩ የትውልድ ሐረግ ያህል ይቈጠራል። በዙሪክ በመስከረም ወር በሚደረገው የወጣቶች ተኩስ ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች የጦር ጠመንጃ ይተኩሳሉ፤ ያሸነፈውም የተኳሾች ንጉሥ ይባላል። ልጃገረዶች እንዲገቡ የተፈቀደው በ1991 ነው።

ልማዱ እንዲህ የጸና ሲሆን ሕጉ ግን ለረጅም ዘመን የተበታተነ ነበር። መሣሪያ ስለ መግዛትና ስለ መያዝ እያንዳንዱ ካንቶን ለራሱ ይደነግግ ስለ ነበር፥ በአንዱ ካንቶን የተከለከለውን ተሻግሮ በጎረቤቱ መግዛት ይቻል ነበር። ለመላው አገር አንድ የመሣሪያ ሕግ በ1997 ተደንግጎ ከጥር 1 ቀን 1999 ጀምሮ ጸና።

በእንግሊዝ የነገሩ መጀመሪያ ከስዊስ ጋር ይመሳሰላል። የጠመንጃ ተኳሾች ብሔራዊ ማኅበር በ1859 ሲቋቋም፥ ሕዝቡ ናፖሊዮን 3ኛ ይወርረናል ብሎ የፈራበትና ፈቃደኞች ለመከላከያ የሚደራጁበት ጊዜ ነበር። በ1860 በዊምብልደን ሜዳ የመጀመሪያውን ጥይት የተኮሰችው ራስዋ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት፤ ጠመንጃው አስቀድሞ በማስደገፊያ ተስተካክሎላት ስለ ነበረ የ400 ያርዱን ዒላማ መካከሉን መታች። ውድድሩ በ1890 ወደ ቢዝሊ ተዛወረ፤ ዛሬም የሚደረገው በዚያው ነው። ነገር ግን ወረራው አልመጣም፤ የአገሩም ጦር በተኳሾች ማኅበር ላይ የቆመ አልነበረም። እየቆየም ተኩሱ እንደ ጐልፍና እንደ ክሪኬት ያለ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሆነ። በ1920 በወጣው ሕግ ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ የሚይዝ ሰው በቂ ምክንያቱን ለፖሊስ ሹም አስረድቶ ፈቃድ መቀበል ነበረበት። መሣሪያው በገንዘቡ የገዛው የግል ንብረቱ ነው፤ ግዴታ የለበትም፥ አደራም አይደለም። ለጨዋታ የተሰጠ ፈቃድ ደግሞ ጨዋታው አስጊ ሆኖ የተገኘ ዕለት ይነሣል።

ያ ዕለት ሁለት ጊዜ ደረሰ። ነሐሴ 19 ቀን 1987 በሀንገርፎርድ አንድ ሰው 16 ሰዎች ገደለ፤ በማግሥቱ ዓመት በወጣው ሕግ ኃይለኛ ጥይት የሚተኩሱና ራሳቸውን የሚያጎርሱ ጠመንጃዎች ተከለከሉ። መጋቢት 13 ቀን 1996 በስኮትላንድ በዳንብሌን ትምህርት ቤት 16 ሕፃናትና አስተማሪያቸው ተገደሉ። ገዳዩ ሽጉጦቹን የያዘው በሕጋዊ ፈቃድ ነበር። ወላጆቹ ባስነሡት አቤቱታ በ1997 ሁለት ሕጎች ተከታትለው ወጡ፤ ሽጉጥ ሁሉ፥ ትንሹ የስፖርት ሽጉጥ ሳይቀር፥ ተከለከለ። ከ160,000 የሚበልጡ ሽጉጦች በካሣ ለመንግሥት ተመለሱ። በዚያ ሐዘን ፊት «ይህ ጨዋታችን ነው» የሚለው የተኳሾቹ ቃል ሚዛን ሊደፋ እንደማይችል ግልጥ ነበር፤ ሌላ የሚያቀርቡት ቃል ግን አልነበራቸውም።

የስዊስም ተራ ደረሰ። መስከረም 27 ቀን 2001 አንድ ሰው የጹግ ካንቶን ምክር ቤት ተሰብስቦ ሳለ ገብቶ 14 ሰዎች ገድሎ ራሱን ገደለ። ከዚህ ይልቅ ብዙ ሰው ያጠፋው ግን ድምፁ በአደባባይ ያልተሰማው የቤት ውስጥ ሞት ነው። በ2004 የጸናው ማሻሻያ የሠራዊቱን ቍጥር በግማሽ ያህል ስለ ቀነሰው፥ በየቤቱ የሚቀመጠው የጦር መሣሪያም አነሰ። በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ ከዚያ በኋላ ከ18 እስከ 43 ዓመት ባሉት ወንዶች መካከል ራሱን የሚገድለው ሰው ቍጥር ቀነሰ፤ በመሣሪያው ፋንታ ሌላ የመሞቻ መንገድ የፈለጉትም ጥቂቶች ብቻ ሆነው ተገኙ። ወታደሩ ታሽጎ በቤቱ ያኖረው የነበረው ጥይት እንዲሰበሰብ ምክር ቤቱ በ2007 ወሰነ። ጠመንጃው ቀረ፤ ጥይቱ ሄደ።

ጠመንጃውም ወደ ግምጃ ቤት ይግባ የሚለው አሳብ የካቲት 13 ቀን 2011 ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ጄኔቫንና ባዝልን የመሳሰሉት ከተሞች ደገፉት፤ የተራራው አገር ተቃወመው፤ በ56.3 በመቶ ድምፅ ወደቀ። ተቃዋሚዎቹ የተናገሩት ስለ ስፖርት ብቻ አልነበረም። መንግሥት ዜጋውን አምኖ የሰጠውን አደራ መልሶ ቢወስድ፥ አላምንህም እንዳለው ይቈጠራል አሉ። ይህን ቃል የእንግሊዝ ተኳሽ ሊናገረው አይችልም ነበር። ቢሆንም ለሟቾቹ ቤተ ሰቦች የሚበቃ መልስ አልነበረም።

ከ2015ቱ የፓሪስ ግድያ ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት የመሣሪያ ደንቡን አጠበቀ። ስዊስ የኅብረቱ አባል ባትሆንም በሸንገን ስምምነት ውስጥ ስለ ገባች፥ ደንቡን ካልተቀበለች ከስምምነቱ የመውጣት አደጋ ነበረባት። የተኳሾቹ ማኅበር ፊርማ አሰባስቦ ነገሩን ለሕዝብ ድምፅ አቀረበው። ግንቦት 19 ቀን 2019 ሕዝቡ በ63.7 በመቶ ድምፅ ደንቡን ተቀበለ፤ የተቃወመው ካንቶን ቲቺኖ ብቻ ነው።

አዲሱ ሕግ ከነሐሴ 15 ቀን 2019 ጀምሮ ጸና። ብዙ ጥይት የሚይዝ ካዝና ያለውንና ራሱን የሚያጎርሰውን ጠመንጃ ለስፖርት ሊገዛ የሚወድ ሰው ልዩ ፈቃድ ያወጣል፤ ከዚያም በ5ኛውና በ10ኛው ዓመት የተኳሾች ማኅበር አባል መሆኑን ወይም በ5 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 5 ጊዜ መተኮሱን ያስረዳል። ወታደሩ አገልግሎቱን ሲፈጽም ከሠራዊቱ ተቀብሎ የሚያስቀረው ጠመንጃ ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ ነው። ቀድሞ ለክብር ይጻፍ የነበረው የማኅበሩ መዝገብ እንዲህ አድርጎ ለባለሥልጣን የሚቀርብ ማስረጃ ሆነ። የአደራው ሒሳብ ድሮም ይጠየቅ ነበር፤ አሁን ግን ጠመንጃውን በገንዘቡ የገዛውም ሰው ይጠየቃል።

በእንግሊዝም ተኩሱ ፈጽሞ አልጠፋም። የቢዝሊ ጠመንጃ ውድድር ይደረጋል፤ ሽጉጥ የሚወዱትም ሕጉ በፈቀደላቸው መንገድ ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹ በአፈሙዙ በኩል ባሩድ የሚሞላበትን የጥንት ዓይነት ሽጉጥ፥ ሌሎቹም እንደ ሽጉጥ እንዳይቈጠር አፈሙዙና ሰደፉ የረዘመለትን ይተኩሳሉ። የ1997ቱ ክልከላ ያልደረሰበት ሰሜን አየርላንድ ግን ሽጉጥ በፈቃድ ይያዝበታል። የ2002ቱ የኮመንዌልዝ ጨዋታና የ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ በተደረጉ ጊዜ ለሽጉጥ ተወዳዳሪዎች የተለየ ፈቃድ መስጠት አስፈለገ። ከክልከላው በኋላ በነበሩት ዓመታት የእንግሊዝ ሽጉጥ ተኳሾች ለልምምድ ባሕር ተሻግረው ይሄዱ ነበር፤ ከሄዱባቸውም አገሮች አንዷ ስዊስ ናት።