ቤቲንግ የቀለብ ብር እንዳይበላ

ቁማር ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ካርታ ነው። አሁን ግን ነገሩ ስልክ ውስጥ ነው፤ የኳስ ቲኬት አለ፣ አቪዬተር የሚባለው የአውሮፕላን ጨዋታ አለ። አዲስ አበባ ላይ በ2015 ዓ.ም. የቤቲንግ ቤቶች ሲታሸጉ ብዙ ሰው ያለቀለት መስሎት ነበር። ጨዋታው ግን ድንበር ተሻግሮ እኛም ጋ ደርሷል። እዚህ ሐርጌሳ ያለ ልጅ አገር ቤት ላለ ጓደኛው ደውሎ ያስቆርጣል፤ ሲከስር ዕዳውን በዛድ ይልካል።

የዓለም ጤና ድርጅት ቁማርን ማቆም አለመቻልን እንደ ሕመም መዝግቦታል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2024 (እንደ ፈረንጅ) ባወጣው ጥናት፣ በዓለም ላይ 80 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች ይህ ሕመም ወይም የቁማር ችግር እንዳለባቸው ተገምቷል። ስለዚህ "ዱርዬ" ብሎ መሳደብ ማንንም አያድንም። ደግሞ ጉዳቱ የታመመውን ብቻ አይነካም። የወሩን ቀለብ አንድ ቀን ብቻ የበላ ሰው ሕመምተኛ ላይሆን ይችላል፤ ልጆቹ ግን ያው ይራባሉ።

ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ ኳስ የሚያውቅ ሰው ለምን አያሸንፍም?" ይሉኛል። በሳንቲም ላስረዳ። ዘውድ ወይ ጎፈር ብላችሁ 1 ዶላር ብታስይዙ፣ ትክክለኛው ክፍያ 2 ዶላር ነው። አቋማሪው 1.90 ይሰጣችኋል እንበል። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች። አሥር እንደዚህ ያሉ ጨዋታዎችን አንድ ቲኬት ላይ ስታጋጥሙ ግን፣ አሥሩም የመግባት ዕድላቸው ከ1,024 አንዱ ነው፤ ቢገባላችሁ የምታገኙት 613 ዶላር ገደማ ብቻ። ሌላም አለ፦ "አንድ ጨዋታ ብቻ አቃጠለኝ" የሚባለው ነገር የመከሰት ዕድሉ ከማሸነፍ አሥር እጥፍ ነው። ለማሸነፍ ተቃርባችሁ ነበር ማለት አይደለም፤ ሒሳቡ ራሱ እንደዚያ ነው። ኳስ ማወቅ ትንሽ ይረዳ ይሆናል፣ ግን ኦዱን የሚያወጡትም ኳስ ያውቃሉ።

ካናዳ በ2021 ጉዳት የሚቀንስ መመሪያ አውጥታለች። በወር ከቤተሰብ ገቢ ከ1 በመቶ በላይ አታስይዙ፣ በወር ከ4 ቀን በላይ አትጫወቱ፣ ከ2 ዓይነት በላይ ቁማር አታዘውትሩ ይላል። እሺ፣ ወደ እኛ እናምጣው። በወር 80 ዶላር ለሚገባው ቤተሰብ 1 በመቶው 0.80 ዶላር ነው። በእኔ ግምት ይህ ለእኛ አትጫወቱ ከማለት አይለይም። መመሪያው የመጠጥ ችግር፣ ጭንቀት ወይም ድባቴ ያለበት ሰው ከዚህም ያነሰ ቢጫወት ወይም ጭራሽ ባይጫወት ይሻላል ይላል። እኛ ዘንድ ጫትም መጨመር አለበት፤ በምርቃና የተቆረጠ ቲኬት ሁሉ የሚገባ ይመስላል።

የማውቀው አንድ ልጅ ለእህቱ የተላከውን የትምህርት ቤት ክፍያ አስይዞ ተበላ። ለማስመለስ ከሱቅ ተበደረ፣ እሱንም ተበላ። እናቱ የሰሙት ከባለሱቁ ነው። ሶማሌላንድ ውስጥ ቁማር ሐራም ነው፣ ሕጉም ከሸሪዓ ጋር እንዳይጋጭ ሕገ መንግሥቱ ያዛል። ስለዚህ ሰው ይደብቃል፤ የሚጎዳንም ይኼ መደበቅ ነው። በውርርድ ብር ተጣልቶ ጣቢያ መሄድም ለስደተኛ ሌላ መዘዝ ነው።

ብሩ በገባበት ቀን፣ ኳስ ሳይጀምር፣ ዱቄት፣ ዘይትና ኪራይ ይከፈል። የቀረው እናት ወይ እህት ስልክ ላይ ይቀመጥ። መተግበሪያውን አጥፉ፣ ቲኬት የሚለጠፍበትን ግሩፕ ውጡ፣ ለሚቆርጥላችሁ ጓደኛ "ብለምንህም አትቁረጥልኝ" በሉት። የተበላውን ለማስመለስ መጫወት ዋናው ገደል ነው፤ በተለይ ተበድሮ። ዕዳውን በሙሉ ወረቀት ላይ ጻፉና ለአንድ ሰው አሳዩ።

ለቤተሰብ ደግሞ፦ ዕዳውን የምትከፍሉ ከሆነ በእጁ አትስጡት፣ ራሳችሁ ለባለዕዳው ክፈሉ። የሚበላውን ግን አትከልክሉት። ልጁ እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከሸሸ፣ "ባልኖር ይሻላል" ማለት ከጀመረ ብቻውን አትተዉት። ሐርጌሳ ግሩፕ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ሶማሊኛ የሚችል ጎረቤት ይዛችሁ በዚያው ቀን ውሰዱት።