«ወይና ደጋ» እና ቆላ፦ የከረመ የፈረንሳይ ወይን መተማ ላይ ምን ይሆናል?



ሰሞኑን ገንዳ ውሃ ያስተማርኩት፣ አሁን ሰሊጥ የሚነግድ ልጅ በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከልኝ። «ቲቸር፣ ፈረንሳይ ያለችው አክስቴ የዛሬ 11 ዓመት ያመጣችልን ቀይ ወይን ቡፌ ላይ ቆሞ አለ። ለእህቴ ሠርግ ልንከፍተው ነው። ወይን በቆየ ቁጥር ይጥማል ይባላል፣ እውነት ነው እንዴ?» ይላል። በሁለት መስመር ልመልስለት ጀምሬ ነበር፤ ግን ነገሩ ታሪክ ሆነብኝ። ስለዚህ ለሁላችሁም እዚሁ ልጻፈው።

መጀመሪያ ከራሳችን ቃላት እንነሳ። በጂኦግራፊ ክፍል «ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ወይና ደጋ» እያልን ሸምድደናል። ቃሉን ግን ስንቶቻችን አየነው? ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለት እኮ ነው። አባቶቻችን አየሩን ሲከፍሉ የወይን ሐረግን መለኪያ አድርገዋል። ጎንደር ከተማ በዚህ ውስጥ ትገባለች። መተማ፣ ቋራ፣ ገንዳ ውሃ ደግሞ ከዚያ በታች፣ ቆላ ናቸው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ከቦርዶ ያመጣውን የወይን ችግኝ የተከለው ዝዋይ ላይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶችም በ2014 እ.ኤ.አ. ወጡ። ዝዋይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ቃላችን ትክክል ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ቃል «ወይን ጠጅ» ነው። መጠጡን በጠጅ ሰየምነው፤ ከዚያ ቀለሙንም በመጠጡ ጠራነው። ይህን ቀለም ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ጠጅ ደግሞ ለዓመታት ተቀብሮ እንዲቆይ የሚጣል መጠጥ አይደለም። ይጣላል፣ ይብላላል፣ ይጠጣል። ቤተ ክርስቲያናችንም ለቅዳሴ የምትጠቀመው ዘቢብ በውሃ ዘፍዝፎ የተጨመቀውን ነው፤ እሱም ለዕለቱ ይዘጋጃል። ስለዚህ «20 ዓመት ያስቆዩት ወይን» የሚለው ሐሳብ ለእኛ እንግዳ ቢሆን አይገርምም። ለአውሮፓውያንም ቢሆን ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። ወይንን በጠርሙስ አድርጎ፣ በቡሽ ዘግቶ፣ አጋድሞ ማስቆየት በስፋት የተለመደው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው ወይን በርሜል ውስጥ እያለ ቶሎ ይጠጣ ነበር። ሳይጠጣ ከከረመ ኮምጣጤ ይሆናል።

አሁን ወደ 1855 እ.ኤ.አ. እንሂድ። የካቲት 1847 ዓ.ም. የቋራው ካሣ ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ ላይ፣ የቦርዶ ደላሎች የአካባቢያቸውን ቀይ ወይኖች በአምስት ደረጃ የከፈለ ዝርዝር አወጡ። ምክንያቱ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ የተዘጋጀው የናፖሊዮን 3ኛ ትልቅ ኤግዚቢሽን ነበር። መለኪያቸው ምን ይመስላችኋል? ወይኑ ለዓመታት በገበያ ያወጣው ዋጋ ነው። ዝርዝሩ እስከ ዛሬ ይሠራል። የጎላው ለውጥ በ1973 ሙቶን ሮትሺልድ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ መውጣቱ ነው። እኛ ዘንድ ዘመነ መሳፍንት በሚያበቃበት ዓመት እነሱ ጠርሙስ ደረጃ ያወጡ ነበር። ማንም በማንም አይሳቅም፤ ሁሉም የያዘውን ነው የሚመዝነው።

ወይኑ ሲቆይ ውስጡ ምን ይካሄዳል? ወጣት ቀይ ወይን ታኒን የሚባል ነገር አለው። ያልበሰለ ሙዝ ስትነክሱ ወይም ወፍራም ሻይ ስትጠጡ አፋችሁን ጭምድድ የሚያደርገው ስሜት ያ ነው። ከፍሬው ቆዳና ዘር ይመጣል። ዓመታት ሲያልፉ ታኒኑና ቀለሙ እርስ በርስ እየተያያዙ ይከብዱና ወደ ታች ይዘቅጣሉ። የአሮጌ ወይን አተላ ይህ ነው። ወይኑ ይለሰልሳል። «ወይን ጠጅ» የነበረው ቀለምም ከዳር ጀምሮ ወደ ሸክላ ቀለም ይሄዳል። የፍሬው ሽታ ይቀንስና የደረቀ ቅጠል፣ የቆዳ፣ የትምባሆ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል።

ግን ልብ በሉ፤ ይህ የሚሆነው ለጥቂቱ ነው። ከዓለም ወይን አብዛኛው በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ተብሎ የሚሠራ ነው። ለመቆየት የተሠራውም ቢሆን ጨለማ፣ ጸጥታና ከ12 እስከ 14 ዲግሪ የሆነ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። የኬሚካል ለውጥ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ በግምት እጥፍ ይፈጥናል። መተማ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ 40 ዲግሪ ሲሆን አስቡት! ፈሳሹ ይለጠጥና ቡሹን ይገፋል፣ አየር ይገባል፣ ወይኑ ይበስላል። እንደ ተቀቀለ ማርማላታ ይሸታል። 11 ዓመት ቡፌ ላይ መቆምና 11 ዓመት ምድር ቤት መተኛት አንድ አይደለም። ደግሞ ቆሞ የከረመ ጠርሙስ ቡሹ ይደርቃል፤ የሚያጋድሙት ለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ የቆላውን መንገድ ታሪክ ልጨምርላችሁ፤ ምክንያቱም ይህ ሙቀት የሚፈትነው ወይንን ብቻ አይደለም።

ሰኔ 1698 እ.ኤ.አ. ሻርል ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ከካይሮ ተነሣ። አጼ ኢያሱ አንደኛ (አድያም ሰገድ) ሐኪም ፈልጎ እንዲያመጣ ሐጂ ዓሊ የሚባል ወኪላቸውን ልከው ነበር። ከፖንሴ ጋር ዴ ብሬቭዳ የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ አብሮ ሄደ። በሰናር በኩል የዛሬውን የድንበር ቆላ አቋርጠው ሲወጡ ቄሱ ታሞ፣ ጎንደር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ሞተ። ፖንሴ ራሱ ታምሞ ቆይቶ ጎንደር የገባው ሐምሌ 1699 ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ መንገድ! ንጉሡን አከመ፤ የጉዞ ታሪኩም በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ ታተመ።

በ1865 ደግሞ የእንግሊዝ መልእክተኛው ሆርሙዝድ ራሳም ወደ አጼ ቴዎድሮስ ለመሄድ መተማን ረገጠ። ያኔ መተማ የተክሩሮች ሼህ የሚያስተዳድራት፣ ለሁለቱም ወገን ግብር የምትከፍል የገበያ ከተማ ነበረች። መጋቢት 1881 ዓ.ም. (1889 እ.ኤ.አ.) አጼ ዮሐንስ አራተኛ እዚያው ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ። በዚያ ዘመን የፈረንሳይ የወይን እርሻም መከራ ላይ ነበር። ፊሎክሴራ የምትባል ሥር የምትመጥ ነፍሳት አገሩን አዳርሳ፣ ገበሬው የፈረንሳዩን ሐረግ በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ እያዳቀለ ነው የተረፈው። የዛሬው የቦርዶ ወይን ከዚያ ጥፋት በኋላ የተተከለ ነው።

ድልድዩን ተሻግራችሁ ጋላባት ከገባችሁ ደግሞ ያው ጠርሙስ ሌላ ታሪክ አለው። መስከረም 1983 እ.ኤ.አ. ኑሜይሪ የሸሪዓ ሕግ ሲያውጅ ካርቱም ላይ መጠጡ አባይ ውስጥ ተደፋ። ሙስሊም ላልሆኑት የተፈቀደው በ2020 ነው። አንድ ጠርሙስ፣ ሁለት ሕግ፣ መሐሉ አንድ ድልድይ።

ይህን ሁሉ ለምን አወራሁ? የመተማ ሰው ወይን ማጣጣም «የሀብታም ነገር፣ የፈረንጅ ነገር» ነው ብሎ እንዳያፍር ነው። ማጣጣም ማለት መረጃ ማንበብ ነው፤ ክፍል ውስጥ «ይህን ሰነድ ማን ጻፈው? መቼ? የት ተቀምጦ ቆየ?» እንደምንለው። የቆላ ሰው ደግሞ ይህን ከማንም አይማርም። የመተማና የቋራ እጣን አምራች አንዷን የሙጫ ጠብታ በቀለሟ፣ በመጠኗና በሽታዋ ለይቶ ደረጃ ያወጣላታል። የሰሊጥ ነጋዴው እፍኝ አንሥቶ ንጣቱን አይቶ፣ አኝኮ ዋጋ ይቆርጣል። የቦርዶ ደላሎች በ1855 ከዚህ የተለየ ምን ሠሩ? እነሱ ጽፈው አስቀመጡት፤ እኛ በእጃችንና በአፍንጫችን ይዘነው ቀረን። የሚቆጨኝ ይህ ነው። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሲያልፉ እውቀቱም አብሮ ይሄዳል። እናንተ ነጋዴ የሆናችሁ ልጆቼ፣ አባቶቻችሁ እጣንና ሰሊጥ እንዴት እንደሚለዩ ጠይቃችሁ ጻፉት። ደብተር አይጠፋም መቼም!

አሁን ለልጁ መልስ፦

ከመክፈትህ በፊት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሣና እይ። አንገቱ ላይ ወይኑ በጣም ወርዶ ከሆነ፣ ቡሹ ወደ ላይ ወጥቶ ወይም ያንጠባጠበ ምልክት ካለ፣ ብዙ ተስፋ አታድርግ። ቆሞ ስለከረመ አተላው ታች ነው፤ አታናውጠው። ቡሹ ደርቆ ሊሰበር ስለሚችል ቀስ ብለህ ንቀል። በጆግ ቀስ አድርገህ ስትገለብጥ ከአንገቱ በስተጀርባ ሻማ ወይም የስልክ መብራት አድርግና አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁም።

«በክፍል ሙቀት ይጠጣል» የሚባለውን እርሳው፤ ያ የአውሮፓ የድንጋይ ቤት ሙቀት ነው፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ። ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ አቆየው። ብርጭቆውን ከሢሶው በላይ አትሙላ። አፉ ጠበብ ያለ ይሁን፤ እንደ ብርሌ አንገት፣ ሽታው እንዳይበተን። በነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርገህ ዳሩን እይ፣ አሽትት፣ ጉንጭህ ውስጥ ትንሽ አቆየው። አሮጌ ወይን ከተከፈተ ቶሎ ይደክማል፤ ሠርጉ እስኪያልቅ አትጠብቅ።

ከሸተተ ወይም ከኮመጠጠ ድፋው፣ አትዘን። ለሙሽራዋ ግን ሌላ ነገር አዘጋጅላት። የቆላ ማር ደጃፍህ ላይ ነው፤ ጥሩ ጠጅ አስጥልላት።

እናንተስ? እጣን ወይም ሰሊጥ ስለመለየት ከአባቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ ከታች ጻፉልኝ፤ ሰብስቤ አስቀምጠዋለሁ።

ቸር ያቆየን።