የላላ መንኮራኩርና የቀጥቃጩ ብልሃት



የመጥረቢያችሁ እጀታ ሲደርቅ ምን ይሆናል? ይላላል። ስትሰነዝሩ ብረቱ ወልቆ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ውሃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ፤ ወይም ሽብልቅ ትመቱበታላችሁ። የዛሬው ታሪካችን የሚነሳው ከዚሁ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1840ዎቹ ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ ብዙ ገበሬዎች መሬት ፍለጋ ከሚዙሪ ተነስተው ወደ ኦሪገን ይጓዙ ነበር። መንገዱ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጉዞው ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። የሄዱበት ምድር ግን ባዶ አልነበረም፤ ነባር ሕዝቦች ይኖሩበት ነበር።

ተጓዦቹ ስንቃቸውንና ዕቃቸውን የጫኑት በሬ በሚጎትተው ሠረገላ ላይ ነው። የሠረገላው መንኮራኩር ከእንጨት የተሠራ ነው። መሐሉ ላይ ወፍራም ግንድ አለ። ከግንዱ ወደ ዳር እንደ ፀሐይ ጨረር የተዘረጉ እንጨቶች አሉ። ዳር ዳሩን ደግሞ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ እንጨቶች ያያይዙታል። ይህን ሁሉ ጨምቆ የሚይዘው በዙሪያው የሚጠልቀው የብረት ቀለበት ነው።

ችግሩ የመጣው በደረቁ አገር ነው። ሙቀትና ነፋስ እንጨቱን ያደርቁታል። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ብረቱ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ቀለበቱ ይላላል፣ ይንኳኳል፣ በመጨረሻም ይወልቃል። ቀለበቱ ከወለቀ መንኮራኩሩ ይበታተናል። በምድረ በዳ ሠረገላው የተሰበረበት ቤተሰብ ስንቁን ጥሎ ለመሄድ ይገደዳል። ክረምት ሳይገባም ተራራውን መሻገር አለበት። ነገሩ የሞት የሽረት ነበር እኮ!

ተጓዦቹ ምን አደረጉ? መንኮራኩሩን ሌሊቱን ወንዝ ውስጥ ዘፍዝፈው ያሳድራሉ። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ቀለበቱም ይጠብቃል። ግን ሲደርቅ ተመልሶ ይላላል። በብረቱና በእንጨቱ መካከል ሽብልቅ የሚመቱም ነበሩ። ሁለቱም ለጊዜው ብቻ ነው።

ዋናው መድኃኒት ቀለበቱን ማሳጠር ነው። ቀድሞ ቀጥቃጩ ቀለበቱን ቆርጦ፣ በእሳት አግሎ፣ በመዶሻ እየመታ መልሶ ያያይዘዋል። ይህ አድካሚ ነው፤ መጋጠሚያው በደንብ ካልያዘም ይለቃል። በኋላ ግን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ፣ ቀለበት ማሳጠሪያ መሣሪያ በአሜሪካ ቀጥቃጮች ዘንድ ተስፋፋ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀጥቃጩ የቀለበቱን አንድ ቦታ እስኪቀላ ያግላል። መሣሪያው ከጋለው ቦታ ግራና ቀኝ ብረቱን ጥርስ ባላቸው ሁለት መንጋጋዎች ነክሶ ይይዛል። ቀጥቃጩ ረጅሙን እጀታ ሲጫን መንጋጋዎቹ ይቀራረባሉ። የጋለው ብረት ወደ ውስጥ ተገፍቶ ይወፍራል፤ ቀለበቱም ያጥራል። መቁረጥ የለ፣ መቀጠል የለ!

ከዚያ ልክ ይመጣል። ቀጥቃጩ እጀታ ያላትን ትንሽ ጎማ በእንጨቱ ዙሪያ እያሽከረከረ ስንት ጊዜ እንደዞረች ይቆጥራል። በቀለበቱም ውስጥ እንዲሁ ያደርጋል። ቀለበቱ ከእንጨቱ በጥቂቱ ማነስ አለበት። በጣም ካነሰ እንጨቶቹን ያጎብጣል፤ ካላነሰ ደግሞ አይጠብቅም። ለዚህ ነው ቁጥር ማወቅ ለባለ እጅም የሚያስፈልገው።

በመጨረሻ ቀለበቱ በሙሉ በእሳት ይጋላል። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። ዙሪያው 4 ሜትር የሆነ ቀለበት በ500 ዲግሪ ሲሞቅ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። እንደጋለ በጉጠት ተይዞ እንጨቱ ላይ ይጠልቃል። እንጨቱ እንዳይቃጠል ቶሎ ውሃ ይፈስበታል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ጭምቅ ያደርጋቸዋል።

በ1869 የባቡር ሐዲድ አሜሪካን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ አገናኘ። በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ መኪናና የላስቲክ ጎማ ተስፋፉና መሣሪያው ሥራ ፈታ። ትምህርቱ ግን አልቀረም፤ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። ይህን ያወቀ ቀጥቃጭ የስንቱን ቤተሰብ ጉዞ አቃና! በአገራችን ቀጥቃጭ ሲናቅ ኖሯል። ማረሻችንን የሚሠራልን ግን ማን ነው?

እስቲ እነዚህን ጥያቄዎች ጽፋችሁ መልሱ።

1. መንኮራኩሩን ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ለምን ለጊዜው ብቻ ጠቀመ?
2. ቀለበቱ ከመጥለቁ በፊት ለምን ይጋላል?
3. በአካባቢያችሁ ያለ ቀጥቃጭ ብረት ሲያግል ምን ምን መሣሪያ ይጠቀማል?

በደህና ሰንብቱ!