ወናፍ የሚረግጡት ሴቶች

"ልዕልት ሞኖኖኬ" የተባለውን የጃፓን አኒሜሽን ፊልም ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በተኩላዎቹ ባደገችው ልጅ ነው። ሐያኦ ሚያዛኪ በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ፊልም ግን ተረት ብቻ አይደለም፤ ከጀርባው እውነተኛ ታሪክ አለ።

ዘመኑ ከ1336 እስከ 1573 የቆየው የሙሮማቺ ዘመን ነው። ጃፓኖች ያኔ ብረት የሚያወጡት ከብረት አሸዋ ነበር። "ታታራ" በሚሉት የጭቃ ምድጃ ውስጥ አሸዋውንና ከሰሉን እያፈራረቁ ይጨምራሉ፤ ወናፉ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሳይቋረጥ ይነፋል። በኋለኞቹ ዘመናት በትላልቆቹ ምድጃዎች ለአንድ ማቅለጥ ብቻ ከ10 ቶን በላይ ከሰል ይነድ ነበር። ከሰሉ ከየት ይመጣል? ከጫካው ነዋ! ከርከሮዎቹና ተኩላዎቹ የተቆጡት ለዚህ ነው።

ወናፉን በእግራቸው የሚረግጡት ሴቶች ግን የሚያዛኪ ፈጠራ ናቸው። በእውነቱ ሴቶች ወደ ታታራ እንዳይቀርቡ ይከለከሉ ነበር። በፊልሙ እመቤት ኤቦሺ ከሴተኛ አዳሪ ቤት ገዝታ ያወጣቻቸውን ሴቶች፣ ሰው የሸሻቸውን የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ሰብስባ ሥራና እንጀራ ትሰጣቸዋለች። ጫካውን የምትጨርሰውም እሷው ናት። እንዴት ብለን እንፍረድባት?

ነገሩ ለኛ ሩቅ አይደለም። አያቶቻችን ጎንደር ውስጥ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ፣ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ገበሬው ማረሻውን ከነሱ ይገዛል፤ ዞር ብሎ ደግሞ "ቡዳ" ይላቸዋል። ፊልሙን አብረውን ያዩ አንድ አባት ወናፉን ሲያዩ ፈገግ ብለው "እኛ የምንነፋው በእጅ ነበር" አሉን። ከሰሉንስ ከየትኛው እንጨት ታከስሉ ነበር ብለን ስንጠይቃቸው፣ ፊልሙን አስቁመው ግማሽ ሰዓት አወሩልን።