የሕመምተኛ መዝገብ ከካርድ ወደ ኮምፒዩተር

ሕመም ወሰን አያውቅም፤ የሕመምተኛው መዝገብ ግን ከተጻፈበት ቤት ሳይወጣ ብዙ ዘመን ኖሮአል። የአገራችን የጤና ጥበቃ ታሪክ በዚህ ረገድ ሲመረመር ትልቅ ትምህርት ይገኝበታል።

የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1940 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ቆመ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፍቶ ለየጠቅላይ ግዛቱ የሚሆኑ የጤና መኰንኖችንና ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። ሐኪም ቤት በበዛ ቍጥር የካርድ ክፍሉም በዛ፤ ሕመምተኛውም በየደረሰበት አዲስ ካርድ ማውጣት ልማድ ሆነበት።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ተጀመረ፤ ከዚያም የቤተሰብ ማኅደር ተከተለ። በዚህ ማኅደር የእያንዳንዱ ቤት ሰዎች፥ የሚጠጡት ውሃ፥ የመጸዳጃው ሁናቴና የልጆቹ ክትባት ይመዘገባል። በ2010 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት የጤና ጣቢያዎችን ሪፖርት ማሰባሰብ ጀመረ። ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት በዋነኛነት የሚያጠናቅረው ድምርን ነው። ስንት ሕፃናት እንደ ተከተቡ ይነግረናል፤ አንዲት እናት ባለፈው ወር የትኛውን መድኀኒት እንደ ወሰደች ግን ለሐኪሟ አይነግረውም።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በአዲስ አበባ ዙሪያ ነው። ሰንዳፋ በደሴ፥ ሰበታ በጅማ፥ ቡራዩ በአምቦ፥ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። የከተሞቹ ጤና ጣቢያዎች በኦሮሚያ ጤና ቢሮ ሥር ሲሆኑ፥ ሕመሙ የጸናበት ሰው የሚላከው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ቢሮ ወደሚያስተዳድረው ወደ አዲስ አበባ ነው። ጫልቱ የምትባል የሰንዳፋ ሴት ብናስብ፥ ስሟ በአማርኛ ፊደል አንድ፥ በቁቤ ሌላ፥ በእንግሊዝኛ ልማድ ደግሞ ሦስተኛ መልክ ይይዛል። ኮምፒዩተሩም ሦስት ሴቶች አድርጎ ይቈጥራታል። ዕድሜዋ በግምት ይጻፋል፤ በውጭ አገር የተሠራውም መሣሪያ ካልተስተካከለ በቀር ጳጕሜን የምትባል ወር መኖሯን አያውቅም።

ከሌሎች አገሮች የምንማረው አለ። እንግሊዝ በ1994 ዓ.ም. የጀመረችው ታላቅ የሕክምና መዝገብ ዕቅድ እጅግ ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰበት በኋላ በ2004 ዓ.ም. እንዲበተን ተወሰነ፤ ከተነቀፈባቸውም ምክንያቶች አንዱ የሐኪሞቹ ምክር በሚገባ ሳይጠየቅ ከላይ መታዘዙ ነው። ትንሿ ኤስቶኒያ ግን አስቀድማ ለእያንዳንዱ ዜጋ የመታወቂያ ቍጥር ሰጥታ ስለ ነበር፥ በ2001 ዓ.ም. ገደማ የሕዝቧን የጤና መዝገብ በአንድ መረብ ለማገናኘት ቻለች።

እኛም በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጆችን አውጥተናል። የመጀመሪያው ሕመምተኛውን ለመለየት፥ ሁለተኛው ምሥጢሩን ለመጠበቅ ይረዳል። ታማሚው ምሥጢሬ ይወጣል ብሎ ከፈራ እውነቱን አይናገርምና ሁለቱ ሊነጣጠሉ አይገባም።

እንግዲህ ኮምፒዩተር ከመግዛታችን በፊት ስሙን እንዴት እንደምንጽፍ፥ መብራት ሲጠፋ ሥራው በምን እንደሚቀጥል፥ መዝገቡንም ማን ሊከፍተው እንደሚፈቀድ ልንስማማ ይገባናል። ይህ ስምምነት በሌለበት መሣሪያው ቢበዛ፥ የቀድሞው የካርድ ክፍል ኤሌክትሪክ ገባለት ከማለት በቀር ሌላ ትርፍ አይገኝም።