ሸክላው ላይ ስሙ ያልጎላው ሰው

ፖላንዳዊው ማቺዬ ቦክኒያክ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው «ኢትዮፒክስ፦ የነፍስ አመፅ» ዘጋቢ ፊልም መሐሉ ላይ ያስቀመጠው ዝነኛ ድምፃዊ አይደለም፤ አቀናባሪ ነው፦ ግርማ በየነ። እዚህ ደምበጫ ስሙን ብትጠይቁ «እንጃ» የሚላችሁ ይበዛል። ዓለማየሁ እሸቴንስ? እሱንማ ማን ያጣዋል! ከዓለማየሁ ዘፈኖች ስንቱን ያቀናበረው ግን ይሄው «እንጃ» የተባለው ሰው ነው።

ግርማ ፒያኖን የተማረው በራሱ ነው። ከ60 በላይ ዘፈኖች አቀናብሯል፤ በዘመኑ በራሱ ድምፅ ያስቀረፃቸው ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የአቀናባሪ ዕጣ እንዲህ ነው፤ ዜማው በሰው አፍ ይቀራል፣ የሠራው ይረሳል።

ፊልሙ አምሃ እሸቴንም ያመጣዋል። ሸክላ የማሳተም መብት እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ እ.ኤ.አ. በ1969 አዋጁን ጥሶ የመጀመሪያውን ሸክላ ህንድ አገር አሳተመ፤ ዘፋኙ ያው ዓለማየሁ ነው። ድፍረት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ያለዚያ ድፍረት የግርማ ቅንብር ከክለብ ግድግዳ ባልወጣ ነበር።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሕይወት ገደለው። የቀሩት ባንዶች ሆቴል ገቡ፤ ታዳሚው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል በር ተዘግቶ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ባንድ አሜሪካ ሲሄድ አራቱ እዚያው ቀሩ፤ ግርማ አንዱ ነው፣ ኃይሉ መርጊያ ሌላው። ኃይሉ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ነዳ። ግርማ ለዓመታት ከፒያኖ ራቀ። ውድቀቱ ዝምታ ነው። ለኔ ከፊልሙ የከበደኝም ይሄ ነው።

አንድ ቅር የሚል ነገር አለ። «ወርቃማው ዘመን» ሲባል አዲስ አበባ ብቻ ይታያል። ትዝታና ባቲን፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬን እኮ ፒያኖው አልፈጠራቸውም! የጎጃም አዝማሪ ጠጅ ቤት በማሲንቆ ሲጫወታቸው የኖሩ ቅኝቶች ናቸው። ግርማና ባልደረቦቹ በነሐስ መሣሪያ አለበሷቸው፤ ልብሱ አዲስ፣ ገላው የቆየ።

ግርማ በመጨረሻ አገሩ ገባ። የፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮፒክስ ተከታታይ 30ኛ ቅጽ የእሱ ሆነ፤ አጃቢዎቹ ራሳቸውን «አካለ ውቤ» ብለው የሰየሙ ፈረንሳዮች ናቸው። የአልበሙ ስም ሲተረጎም «ሆን ተብሎ የተሠራ ስህተት» ማለት ነው። ሽፋኑ ላይ በዚህ ጊዜ ስሙ አለ።