ዜና ሙታን ዘኦቦክ

ከጅቡቲ ከተማ ማዶ፣ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ባሻገር፣ በኦቦክ ዳርቻ ስለ ወደቁት የኢትዮጵያ ልጆች የተጻፈ ዜና ይህ ነው።

ጅቡቲ ሳትቆረቆር በፊት በዚያ ባሕር ዳር የፈረንሳዮች መቀመጫ ኦቦክ ነበር። በ1854 ዓ.ም. ከአፋር ባላባቶች በ10 ሺህ የማርያ ትሬዛ ብር ገዙት። በ1880ዎቹ ግን የወዲህኛው ወደብ ስለ በለጠባቸው ሹማምንቱ ተሻገሩ፤ ጅቡቲም ከተማ ሆነች። ወደ ኢንዶቺና ሲያልፉ በንዳድ የሞቱት ሰዎቻቸው በኦቦክ ተቀብረዋል፤ ስፍራው እስከ ዛሬ የባሕር መቃብር ይባላል።

ከዚህ በኋላ ከጅቡቲ የምድር ባቡር ተሠራ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጅቡቲ ወደብ ተሳፍረው ወደ ስደት ሄዱ። የጫነቻቸው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ስሟ ኢንተርፕራይዝ እንደ ነበረ ሳይቀር ተጽፏል።

በእኛ ዘመን ደግሞ ጸሐፊ የሌለው ስደት ሆነ። የሐረርጌ፣ የአርሲ፣ የጅማ፣ የወሎና የትግራይ ወጣት ሳዑዲ ዐረቢያ ገብቶ ሠርቼ አድራለሁ ብሎ የጅቡቲን በረሃ በእግሩ ያቋርጣል። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ያለውን የአሳል ሐይቅ ጥግ ይዞ ኦቦክ ይወርዳል፤ ከዚያም በደላላ ጀልባ ወደ የመን ይሻገራል። በመንገዱ ዳር እዚህም እዚያም የድንጋይ ክምር አለ። ውኃ ጥም የገደለውን ሰው ባልንጀሮቹ የሚቆፍሩበት ስለሌላቸው ድንጋይ ደርድረውበት ያልፋሉ።

በ2011 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ፣ ጥር 21 ቀን በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ በኦቦክ ዳርቻ ካለው ከጎዶሪያ የተነሡ ሁለት ጀልባዎች ከልክ በላይ ሰው ጭነው ነበርና ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ሄዱ ተገለበጡ። ከ50 በላይ ሰው ሞተ። ከሞት የተረፈ የ18 ዓመት ልጅ በተሳፈረባት ጀልባ 130 ሰው እንደ ነበረ፣ ከእነርሱም 16ቱ ሴቶች እንደ ነበሩ ተናገረ። የደላላ ጀልባ የተሳፋሪ ስም አይመዘግብም።

በ2013 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ፣ ሚያዝያ 4 ቀን፣ ከየመን ስትመለስ የነበረች ጀልባ ሰጥማ ከ40 በላይ ሞቱ። በ2016 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ፣ መጋቢት 30 ቀን፣ ከጎዶሪያ ፊት ለፊት ሕፃናት ሳይቀሩ 38 ሰዎች ሞቱ፤ በ15ኛው ቀን በዚያው ባሕር ሌሎች ከ20 በላይ ተጨመሩ። በ2017 ዓ.ም. መስከረም 21 ቀን፣ በግሸን ማርያም ንግሥ ዕለት፣ ከየመን 310 ሰው ጭነው ከመጡ ሁለት ጀልባዎች መንገደኞቹ በግድ ባሕር ውስጥ እንዲወርዱ ተደርገው የ45ቱ አስከሬን መገኘቱ ተሰማ።

ይህን ሁሉ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በያዘው የጠፉ ፍልሰተኞች መዝገብ ይቆጥረዋል። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ለቁጥር ተዝካር አይወጣም። የሞተበት ቀን ያልታወቀ ሰው አርባው ከየት ይቆጠራል? ሰደቃውስ በማን ስም ይወጣል? እናቱ መርዶ አልደረሳትምና ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ ምናልባት እስር ቤት ይሆናል እያለች ስልኳን አቅፋ ታድራለች።

በጅቡቲ ከተማ የምትኖሩ ኢትዮጵያውያን ሆይ፣ መዝገብ መያዝን ዕድር አስተምሮናል። ስለዚህ በፈቃዳቸው የሚሄዱ ሰዎች ይነሡ፤ የአገሩን ሹማምንት አስፈቅደው፣ መቃብሩን የሚያውቁትን የኦቦክ ሰዎች ጠይቀው ይጻፉ። መቃብሩ የቱ ጋ እንደሆነ፣ ሬሳው በየትኛው ቀን ከየትኛው ዳር እንደ ወጣ፣ የአንገቱ ማተብ ምን ዓይነት እንደ ነበረ፣ ሴትም ከሆነች በግንባሯ ንቅሳት እንደ ነበረ ይጻፍ። ከኪስ የወጣ የስልክ ቁጥር ያለበት ብጣሽ ወረቀት ቢኖር፣ ጨው ውኃ ቀለሙን ቢያጠፋው እንኳ የተረፉት አኃዞች ይገልበጡ።

ልጁ በዚህ መንገድ ወጥቶ ድምፁ የጠፋበት ወላጅም በአቅራቢያው ወዳለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ ሄዶ የልጁን ስም፣ ከቤት የወጣበትን ቀንና የገላውን ምልክት ያስመዝግብ። ማኅበሩ የጠፋ ቤተሰብ ያፈላልጋል፤ ክፍያም አይጠይቅም።